የለስላሳ ነገሮች ጥበብና የባለእጁ ክብር

ሰው ስለ ኀይልና ስለ ብርታት ሲያስብ አስቀድሞ ወደ ልቡ የሚመጣው ብረትና ደንጊያ ነው። ድልድይ በብረት ይቆማል፤ ቤት በደንጊያ ይታነጻል፤ ስለዚህም ጠንካራው ነገር ሁሉ የተከበረ፣ ለስላሳው ነገር ሁሉ የተናቀ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሰው ከተወለደባት ቀን ጀምሮ እስኪቀበር ድረስ የሚኖረው ከጠንካራው ይልቅ በለስላሳው ነገር መካከል መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የሚታዘልበት አንቀልባ ቆዳ ነው፤ የሚበላው እንጀራ አስቀድሞ ሊጥ ነበረ፤ የሚለብሰው ሸማ ፈትል ነው፤ ውሃ የሚቀዳበት እንስራ አስቀድሞ ጭቃ ነበረ፤ የሚያርሰው መሬት ዝናም ሲያርፍበት እንደ ሊጥ የሚለሰልስ አፈር ነው፤ የገዛ ሥጋውም ከዚሁ ወገን ነው።

ኀይል በግዙፍ ነገር ላይ ሲያርፍ ያ ነገር እንዴት እንደሚሳብ፣ እንደሚጎብጥና እንደሚሰነጠቅ የሚመረምረው ትምህርት መካኒክ ይባላል። ይህንም ትምህርት ለእርሻ፣ ለሕንፃና ለመሣሪያ በሚጠቅም ሥራ ላይ ሲያውሉት ተግባራዊ መካኒክ ይሉታል። የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የደከሙት በብረትና በእንጨት ላይ ነበረ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 ዓ.ም. አንድ ሞላ የሚሳበው በተንጠለጠለበት ክብደት ልክ መሆኑን፣ ማለት ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መሳቡም እጥፍ እንደሚሆን ጽፎ አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ለስላሳው ነገር ግን ለዚህ ሕግ አልታዘዘም። ቆዳ በመጀመሪያ በቀላሉ ይሳባል፤ ኋላ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ጭቃ ሲገፉት ይሄዳል፤ ሲተዉት ይቆማል። ሊጥ ቀስ ብለው ሲስቡት ይረዝማል፤ በድንገት ሲስቡት ይበጠሳል። ስለዚህ የለስላሳ ነገሮች መካኒክ ራሱን ችሎ ትምህርት ሆኖ የተነሣው ይልቁንም ባለፉት 100 ዓመታት ያህል ውስጥ ነው።

እንግዲህ ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ከመጻፉ በፊት በሰው እጅ ውስጥ ይኖር እንደ ነበረ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ምዕራብ ጎጃምን ቢመለከት ይበቃዋል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ቀይ አፈር ባለበት የእርሻ አገር ያልፋል። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረች፣ ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቡሬም መንገዱ ወደ ባሕር ዳርና ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚከፈልባት የንግድ ከተማ ናት። አገሩ በበቆሎ፣ በጤፍና በበርበሬ የታወቀ ነው። በዚህ አገር ያለ ገበሬ፣ ቆዳ ፋቂና ሸክላ ሠሪ ከአባትና ከእናት ተቀብለው የሚሠሩበት ዕውቀት፣ ከባሕር ማዶ ኒሻን ከሚያሸልመው ዕውቀት ጋር ሥሩ አንድ ነው። ይህም በሦስት ነገር ይገለጣል፤ በአፈር፣ በቆዳና በሸክላ።

አስቀድሞ ስለ አፈር። የጃቢ ጠህናን ገበሬ ዝናም ከጣለ በኋላ በሬውን ከመጥመዱ በፊት ከእርሻው ጥቂት አፈር አንሥቶ በመዳፉ ይጨብጠዋል፤ በጣቶቹም መካከል ያሸዋል። አፈሩ በእጁ ላይ ቢጣበቅ ገና ነው ይላል፤ በዚያ ጊዜ ቢያርሰው ጓል እንደሚሆንበት ያውቃልና። ፈጽሞ ደርቆ ቢጠነክር ደግሞ በሬዎቹን በከንቱ ማድከም ይሆንበታል። ተጨብጦ የሚቆም፣ ሲነኩት ግን የሚፈረፈር በሆነ ጊዜ በሬውን ይጠምዳል። ይህን የገበሬውን ፍርድ የሚመስል ሥራ አልበርት አተርበርግ የተባለ ስዊድናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1911 ዓ.ም. ወደ ቁጥር ለወጠው። አተርበርግ የሸክላ አፈር በውሃ ለውሶ በእጁ እያሽከረከረ እንደ ክር ካቀጠነው በኋላ፣ ክሩ መፈረፈር ሲጀምር በአፈሩ ውስጥ የቀረውን የውሃ መጠን መዘነ፤ አፈሩ ከለስላሳነት ወደ ደረቅነት የሚሻገርበትንም ድንበር በቁጥር ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት የክሩን ውፍረት 3 ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን ወሰኑ። ዛሬ ለመንገድና ለግድብ ሥራ አፈር በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ሁሉ የአተርበርግ ድንበር እየተባለ ስሙ ይጠራል። የገበሬው ጣቶችና የሊቁ ጣቶች የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው። ልዩነቱ ሊቁ መመዘኑና መጻፉ፣ የጻፈውንም ሌላ ሰው በሌላ አገር ደግሞ ሊፈትነው መቻሉ ነው።

ሁለተኛው ቆዳ ነው። የማረሻው ጫፍ ከብረት፣ ሞፈሩና ቀንበሩ ከእንጨት ቢሠሩም፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያያይዘው ምራን ከጥንት ጀምሮ የቆዳ ጠፍር ነው። አንድ የእርሻ በሬ ለረጅም ሰዓት ሳይዝል የሚስበው ኀይል ከክብደቱ ከዐሥር እጅ አንዱን እጅ ያህል መሆኑ ተመርምሮ ታውቋል፤ እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ ጥንድ በሬዎች ቢሆኑ 60 ኪሎ ያህል ሸክም ማለት ነው። ይህ ኀይል ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ጠፍር ነው። ማረሻው ሥር ወይም ደንጊያ ሲነካ ደግሞ ኀይሉ በድንገት ከዚህ ይበልጣል። ማያያዣው ብረት ቢሆን ኖሮ ድንጋጤው ሳይቀንስ ወደ ሞፈሩና ወደ በሬው ጫንቃ ይደርስ ነበር፤ ጠፍሩ ግን ጥቂት በመሳቡ ድንጋጤውን ያበርደዋል። የመኪና ሞተር ከተቀመጠበት ብረት ጋር በጎማ የሚያያዘው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ጥሬ ጠፍር በርጥቡ ሲታሰር፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና ማሰሪያውን ያጠብቀዋል፤ ይህንም ገበሬው ከማንም መሐንዲስ ሳይማር ያውቀዋል።

ቆዳ ይህን ጠባይ ያገኘው ከተፈጥሮው ነው። በውስጡ ኮላጅን የሚባል እጅግ የቀጠነ ክር በየአቅጣጫው ተጠላልፎ ይገኛል። ቆዳው ሲሳብ በመጀመሪያ የተጠላለፉት ክሮች ይዘረጋሉ፤ በዚህ ጊዜ ቆዳው ልል ነው። ክሮቹ ተዘርግተው በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ በኋላ ግን ሁሉም ባንድነት ይሸከማሉ፤ ቆዳውም ይጠነክራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ ሰው አንድነት የተነገረ ቢሆንም ለቆዳም ይስማማል። ጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክሮቹ ይፈቱና ይጨማደዳል፤ በዛፍ ቅርፊት የተለፋው ግን ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ በክሮም የተለፋው ደግሞ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ቆዳ ማልፋት ማለት ክሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተሳሰር መሆኑ በዚህ ይታወቃል። በወንጌልም አዲስ የወይን ጠጅ በአሮጌ አቁማዳ እንደማይጨመር የተነገረው ምሳሌ በቆዳ ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ወይኑ ሲፈላ አየር ይወልዳል፤ አዲሱ አቁማዳ ለዚህ አየር ይለጠጥለታል፤ ያረጀው ግን መለጠጥን ትቷልና ይቀደዳል። ምሳሌውን የሰሙት ሰዎች ያለ ማብራሪያ የገባቸው አቁማዳን በእጃቸው ያውቁት ስለ ነበረ ነው።

ከዚሁ ቆዳ ብራና ይወጣል። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ ጥቂት ቀን በውሃ ዘፍዝፎ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጥረዋል፤ ሥጋውን ይፍቃል፤ ጠጉሩን ያነሣል፤ በደንጊያም ያለዝበዋል። ብራና እንደ ጫማ ቆዳ በቅርፊት አይለፋም። ሲደርቅ ለመሰብሰብ ይታገላል፤ መወጠሪያው ግን ይከለክለዋል፤ በዚህም ትግል ውስጥ ክሮቹ ከገጹ ጋር ተስተካክለው ይተኛሉ፤ ቆዳ የነበረውም ነገር ቀለም የሚቀበል ገጽ ይሆናል። ፋቂው አላልቶ ቢወጥረው ይጨማደድበታል፤ አጥብቆ ቢወጥረው ይቀደድበታል። የሆዱ ቆዳ ከጀርባው ቆዳ ይልቅ ስስ ስለ ሆነ ሁሉንም ወገን በእኩል መሳብ አይቻልም፤ ገመዱን አንዱን እያላላ ሌላውን እያጠበቀ ልኩን የሚያገኘው እጁን አምኖ ነው። ክረምት ሲገባ በርጥበት ድምፁ የወደቀውን ከበሮ ከእሳት አጠገብ አሙቆ ድምፁን የሚመልሰው ደብተራም ይህንኑ የቆዳ ጠባይ ያውቃል፤ ርጥበት ውጥረቱን ያላላዋልና፣ ሙቀትም ይመልሰዋልና። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው ወንጌል ብራናው በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። ቢያንስ ከ1300 ዓመት በላይ የቆየ ገጽ ያዘጋጀው እጅ ስለ ለስላሳ ነገር የሚያውቀው ትንሽ ነው ሊባል አይቻልም። ነገር ግን በመጻሕፍት መጨረሻ የጸሐፊውና ያስጻፈው ሰው ስም ሲነሣ፣ ብራናውን የፋቀው ሰው፣ ጸሐፊው ራሱ ካልፋቀው በቀር፣ ስሙ ሲጠራ እምብዛም አይገኝም።

ሦስተኛው ሸክላ ነው። በጎጃም ገጠር ሸክላ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የሚሠሩትም ያለ ማሽከርከሪያ በእጃቸው ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ትመርጣለች፤ የተሰበረ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች፤ ውሃውን በልክ ታደርጋለች። ጭቃው ለእጇ እንዲታዘዝ ለስላሳ መሆን አለበት፤ የእንስራው ጎን በራሱ ክብደት እንዳይወድቅ ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት። እነዚህ ሁለት ጠባዮች በአንድ ነገር ውስጥ እንዴት ሊገናኙ ቻሉ የሚለውን ጥያቄ አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩጂን ቢንገም መረመረው፤ ጭቃና ቀለም የሚገፋቸው ኀይል ከአንድ ልክ እስኪያልፍ ድረስ እንደማይፈስሱ፣ ልኩን ሲያልፍ ግን እንደሚፈስሱ አስረዳ። የነገሮችን መፍሰስ ለሚመረምረው ትምህርትም በ1920 ዓ.ም. ሪዮሎጂ የሚል ስም አወጣለት። ማርከስ ራይነር የተባለው ሌላው ሊቅ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. አንድ ነገር የሚፈስስ ወይም የማይፈስስ መባሉ በሚመለከቱት ጊዜ ርዝመት እንደሚወሰን የሚለካበትን ቁጥር በነቢይት ዲቦራ ስም ጠራው፤ ይኸውም በመጽሐፈ መሳፍንት ዲቦራ በመዝሙሯ ተራሮች በፈጣሪ ፊት ፈሰሱ በማለቷ፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ዘመኑ ረጅም ስለ ሆነ ተራራም ሊፈስስ ይችላል ብሎ ነው። የቅዱስ መጽሐፍ ቃል በዚህ ዓይነት ወደ መካኒክ ትምህርት መግባቱን የሚያውቅ የቤተ ክህነት ሰው ጥቂት ነው።

ገሉን የመቀላቀሉና ዕቃውን በጥላ ቀስ አድርጎ የማድረቁም ልማድ ምክንያት አለው። ሸክላ ውሃው ሲወጣ ይሰበሰባል፤ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ቢደርቅ አንዱ ወገን ሲሰበሰብ ሌላው አይከተለውምና ይሰነጠቃል። አስቀድሞ በእሳት ያለፈው ገል ግን አይሰበሰብም፤ ስለዚህ የጠቅላላውን መሰብሰብ ይቀንሳል፤ ለውሃውም መውጫ መንገድ ይከፍታል። ከዕቃዎች ሁሉ ፈተናው የሚከብደው ምጣድ ነው፤ ሰፊና ስስ ስለ ሆነ ጥቂት ስሕተት ይበቃዋል። ሳይሰነጠቅ የወጣ ምጣድ በትክክል የተፈታ የመካኒክ ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ዕውቀቱ በሁለቱም ወገን ካለ፣ ክብሩ ስለ ምን በአንድ ወገን ብቻ ሆነ? ይህን ለመረዳት የጎማን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዢል ደ ዤን በ1991 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ያደረገውን ንግግር ርእሱን ስለ ለስላሳ ነገር አለው፤ በዚያም የአማዞን ዱር ሰዎችን ሥራ ምሳሌ አድርጎ አነሣ። እነዚህ ሰዎች ከሔቬያ ዛፍ የሚወጣውን ነጭ ወተት እግራቸውን እየተቀቡ ጫማ ያደርጉት ነበር፤ ጫማው ግን ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር በ1839 ዓ.ም. ጎማውን ከድኝ ጋር በእሳት አሙቆ የሚበረክት አደረገው። በውስጡ ካለው ካርቦን ከ200 አንዱ ያህል ብቻ በድኝ ሲነካ የሚፈስሰው ነገር የማይፈስስ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ታላቅ ለውጥ ማድረጉም የለስላሳ ነገሮች ሁሉ ዋና ጠባይ መሆኑን ደ ዤን አስረዳ።

ነገር ግን ጉድዪር ራሱ በ1860 ዓ.ም. የሞተው ብዙ ዕዳ ተሸክሞ ነው። በስሙ የተጠራው ታላቅ የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው እርሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም. ሲሆን ከቤተ ሰቡ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ከእርሱ በፊት የነበሩት የዱሩ ሰዎች ደግሞ ስማቸውን እንኳ የጻፈው የለም። ስለዚህ የባለሙያውን ክብር ማዘግየት የኢትዮጵያ ብቻ ጥፋት አይደለም። ሌሎቹ አገሮች ግን ከዚህ ጥፋት ተምረው ሥርዐት አቆሙ። በቢንገም ስም የተሰየመው ሜዳልያ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ለሪዮሎጂ ሊቃውንት ይሰጣል፤ በዩክሬን ተወልዶ በአሜሪካ ባስተማረው በስቴፈን ቲሞሼንኮ ስም የሚጠራውም ሜዳልያ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በተግባራዊ መካኒክ ለደከሙ ሊቃውንት ይሰጣል። የሜዳልያው ጥቅም ብረቱ አይደለም። ዋና ጥቅሙ አንድ ወጣት ይህ ሥራ ሰውን ያስከብራል ብሎ ሕይወቱን እንዲሰጥበት ማድረጉ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ለብዙ ዘመን የነበረው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነበረ። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ሙያው ስድብ ሆነበት፤ ሸክላ ሠሪዋም ቡዳ ናት ተብላ ከጎረቤት ተለየች። እንጀራዋን በምጣዷ እየጋገሩ ከእርሷ ጋር መብላትን የተጸየፉ ነበሩ። ይህም ልማድ በሃይማኖት ስም ሊመካኝ አይችልም። ደብተራ ኦሪት በተሠራች ጊዜ ባስልኤልን የጥበብ መንፈስ የመላው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስም በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው፤ ወንጌል ለአሕዛብ ሁሉ እንደሚሰበክ የተገለጠለትም በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ሳለ ነው። ፋቂን የሚጸየፍ ክርስቲያን ሐዋርያው ያደረበትን ቤት ተጸየፈ ማለት ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን ክፉ ልማድ አይተው በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን ስለ ሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። በዐዋጁም ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን፣ በሌላው አገር አዲስ ነገር የሠራ ሰው ሲመሰገን በኢትዮጵያ ግን መሰደቡ አገሩን ባዶ የሚያስቀር መሆኑን አስረዱ። ዐዋጁ ስድብን ከለከለ፤ ታላቅም ሥራ ሠራ። ነገር ግን አለመስደብ ብቻውን ማክበር አይደለም። ስድብ በዐዋጅ ሊከለከል ይችላል፤ ክብር ግን የሚገኘው ዕውቀቱን ዕውቀት ብሎ በመቀበል፣ በመመርመር፣ በመጻፍና የሚገባውን ዋጋ በመክፈል ነው። ከዐዋጁ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል፤ ዛሬም ቢሆን በገጠሩ ከሸክላ ሠሪ ቤት ልጅ ማጋባትን የሚሸሽ ሰው አልጠፋም።

አሁን ደግሞ ሌላ አደጋ መጥቷል። የናይሎን ገመድ የምራኑን፣ የፕላስቲክ ከረጢት የአቁማዳውን፣ ጀሪካን የእንስራውን ስፍራ እየያዙ ነው። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ሆና ሳለ፣ በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ ከመውደቁ የተነሣ በበዓል ማግሥት የበግና የፍየል ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ታይቷል። ቆዳውን የሚያውቀው ሽማግሌ ሙያውን ለልጁ ሳያስተምር ያርፋል፤ ልጁም አባቱ የተሰደበበትን ሥራ ባለመማሩ የሚወቀስ አይደለም። በዚህ ዓይነት የሚጠፋው አንድ የዕቃ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሺሕ ዓመት በእጅ ሲመረመር የኖረ ትምህርት ነው።

ይህ ሲባል ገበሬው ናይሎኑን ጥሎ ወደ ምራን ይመለስ፣ ሴቲቱም ጀሪካኑን ትታ እንስራ ትሸከም ማለት አይደለም። ጀሪካን ለጀርባዋ ይቀላታል፤ የሚቀለውን መከልከል ማክበር ሊባል አይችልም። የእጅ ዕውቀትም ጉድለት አለበት። በልክ ስለማይጻፍ የአንዱ ሠሪ ሥራ ከሌላው ይለያል፤ አንዱ የደረሰበትን ሌላው ከመጀመሪያው እንደ ገና ይፈልገዋል፤ ስሕተትም ቢኖርበት ልማድ ሆኖ ይቀጥላል። ለዚህም ማረሻው ራሱ ምስክር ነው። ማረሻ በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲያልፍ ከሥሩ ያለው አፈር ይጠቀጠቃል፤ ውሃ ወደ ታች መግባት ሲያቅተው በላይ ይጎርፋል፤ አፈሩንም ይዞ ወደ ዐባይ ይወርዳል። ይህን የጎርፍና የአፈር ነገር ለመለካት በደምበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ በ1984 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር፤ ገበሬው በዓይኑ ያየው የነበረው ጥፋት በዚያ በሚዛን ተጻፈ።

የእጅን ዕውቀትና የትምህርት ቤትን ዕውቀት ማገናኘት እንደሚቻልም ያሳዩ ኢትዮጵያውያን አሉ። የእርሻ መሣሪያ መሐንዲሱ ዶክተር መለሰ ተመስገን በኔዘርላንድ አገር በደልፍት ስለ አስተራረስና ስለ አፈር ውሃ መርምረው በ2007 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብለዋል። ምርምራቸው ማረሻን ከመናቅ አልተነሣም፤ ገበሬው ከሚያውቀው መሣሪያ ተነሥቶ ጉድለቱን ለማሻሻል የደከመ ነው። ኋላም ውሃ የሚተኛበትን መረሬ አፈር ሰፊ መደብ አውጥቶ ውሃውን በቦይ የሚያስወግድ፣ በበሬ የሚጎተት አይባር የተባለ መሣሪያ አውጥተዋል። ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ የተሠራ መሣሪያ ገበሬው ይቀበለዋል፤ ይህም ለመሐንዲሱ ከሜዳልያ የማያንስ ክብር ነው።

ስለዚህ ሥራው የማን እንደሆነ ለይቶ መናገር ይገባል። በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ዛሬ አድጎ የዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆኗል፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርትም በዚያው ከተማ ይሰጣል። በእነዚህ ያሉት መምህራንና ተማሪዎች ቆዳን፣ ሸክላንና አፈርን የሚመረምሩበት መሣሪያ አላቸው። ከዚያ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለው መንገድ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በባዕድ አገር ምሳሌ ላይ ከሚሠራ፣ ብራና ፋቂው በየወገኑ የሚስበውን ገመድ ቢመዝን፣ ሸክላ ሠሪዋ በመቶ ስንት ገል እንደምትቀላቅል ቢለካ፣ ምራኑ በስንት ኪሎ እንደሚበጠስ ከናይሎኑ ጋር አስተያይቶ ቢጽፍ፣ ለአገሩም ለዓለምም አዲስ ነገር ይጨምራል። በጽሑፉም ላይ የባለሙያውን ስም በፈቃዱ ከራሱ ስም ቀጥሎ ቢያኖር የሚገባ ነው፤ ያስተማረው እርሱ ነውና።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ የገበሬውን ምርት ወደ ፋብሪካ ለማድረስ የታሰበ ነው። ፋብሪካ በሚነሣበት አገር ግን ከምርቱ ጋር የእጅ ዕውቀቱም መንገድ ሊያገኝ ይገባዋል። የዞኑና የወረዳው ሹማምንት በየዓመቱ ብርቱ ገበሬ ሲሸልሙ፣ ከእርሱ ጎን ቆዳ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቢያቆሙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የሙያ ትምህርት ቤቶች እነዚህን ሰዎች በመምህርነት ቀጥረው ደመወዝ ቢከፍሏቸው፣ ተማሪው የሙያውን ዋጋ ከደመወዙ ይረዳዋል። የደብሩ አስተዳዳሪም የጴጥሮስን ማደሪያ ለምእመናኑ ቢያስታውስ፣ ዐዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ ያልፈጸመውን ሊፈጽም ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የወላጅ ድርሻ አለ። ልጁ ጭቃ ሲያቦካ ያየ አባት እጅህን ታጠብ ከማለቱ በፊት ምን ልትሠራ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ አንድ መሐንዲስ ሊያሳድግ ይችላል። የሸክላ ሠሪዋም ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ የአተርበርግንና የቢንገምን ስም በሰማች ቀን፣ እናቴ ይህን ታውቃለች ብላ በክፍሉ መካከል ያለ ኀፍረት ለመናገር ስትችል፣ በ1900 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ ያን ጊዜ በእውነት ተፈጸመ ይባላል። እግዚአብሔር ለባለእጁ ክብርን፣ ለተማሪው ትጋትን፣ ለሹማምንቱም ማስተዋልን ይስጥ።